ለማይደግፉት መንግሥት «አሜን»፦ ስለ አይሁድ የመንግሥት ጸሎት ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ የምኖረው በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ነው። የሥራ ባልደረባዬ ልጅ አሥራ ሦስት ዓመት ሞልቶት በምኩራብ ኦሪት የሚያነብበት ቀን ስለ ነበር ተጋብዤ ሄድሁ። ከንባቡ በኋላ ሕዝቡ ብድግ ብሎ ስለ አገሪቱ፣ ስለ ፕሬዚዳንቱ፣ ስለ ሕግ አውጪዎችና ስለ ዳኞች ጸለየ። ባልደረባዬ መንግሥቱን አጥብቆ የሚቃወም ሰው ነው፤ እርሱም ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ «አሜን» አለ። ይህ ጸሎት ከየት መጣ? ለማይደግፉት መሪ መጸለይስ ድጋፍ መስጠት አይሆንም? የእኛዎቹ ቤተ እስራኤሎችስ እንዲህ ይጸልያሉ? እኔስ አሜን ማለት ነበረብኝ?

ምላሽ፦ አጭሩን መልስ ላስቀድምልዎ። ድጋፍ አይደለም። ባልደረባዎ «አሜን» ያለው መሪው ለሠራው ሥራ ሳይሆን ለመሪው በተለመነለት ነገር ላይ ነው፤ ማስተዋል ይስጠው፣ ፍርድን ይወቅ፣ አገሩ ሰላም ይሁን በሚለው ላይ። እንዲያውም መንግሥቱን የሚቃወም ሰው ይህን ልመና ከደጋፊው ይልቅ ከልቡ ሊለምን ይችላል። የአይሁድን ሥርዓተ ጸሎት ታሪክ ሳስተምር ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይነሣል፤ በሁለት መስመር ተመልሶ የሚያልቅ ስላልሆነ ሰፋ አድርጌ ልጻፍልዎ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጸሎቱ ሥር ትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 29 ላይ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 ናቡከደነፆር ኢየሩሳሌምን ያዘና ወጣቱን ንጉሥ ኢኮንያንን ከእናቱ፣ ከመኳንንቱና ከእጅ ባለሙያዎቹ ጋር ማርኮ ወደ ባቢሎን አጋዘ። ይህ ስደት ቶሎ ያልፋል የሚሉ ነቢያት ነበሩ፤ በኢየሩሳሌም ሐናንያ የተባለው እንዲያውም ሁለት ዓመት ብሎ ቀን ቆርጦለት ነበር። ኤርምያስ ግን ለምርኮኞቹ ደብዳቤ ላከ። ቤት ሥሩ፣ አትክልት ተክሉ፣ አግቡ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ሰባ ዓመት ነውና አላቸው። ከዚያም ማንም ያልጠበቀውን ጨመረበት፦ ወደ እርስዋ ላስማረክኋችሁ ከተማ ሰላምን ፈልጉ፣ ስለ እርስዋም ወደ እግዚአብሔር ጸልዩ፣ በእርስዋ ሰላም ለእናንተም ሰላም ይሆንላችኋልና።

ምርኮኞቹ ይህን ሲሰሙ ምን እንደ ተሰማቸው መገመት አያዳግትም። ሆኖም ነቢዩ ለናቡከደነፆር ጸልዩ አላለም፤ ለከተማይቱ ነው ያለው። ልጆቻቸው ለሚያድጉባት፣ ገበያ ለሚወጡባት፣ ከጎረቤት ጋር ውኃ ለሚቀዱባት ከተማ። ደግሞ ይህን የጻፈው ሰው የነገሥታት አወዳሽ አልነበረም። በምዕራፍ 22 የገዛ አገሩን ንጉሥ ኢዮአቄምን፣ ባልንጀራውን በከንቱ አሠርቶ ዋጋውን የማይከፍል፣ ቤቱን በግፍ የሚሠራ ወዮለት ብሎ በአደባባይ የገሠጸ እርሱ ነው። በምዕራፍ 38 መኳንንቱ ጭቃ ጉድጓድ ውስጥ ሲጥሉትም ከጉድጓዱ ያወጣው ማን እንደ ሆነ የእኛ አገር ሰው ያውቃል፤ ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ። አቤሜሌክ በቤተ መንግሥት የሚያገለግል ጃንደረባ ነበር። ንጉሡ በብንያም በር ተቀምጦ ሳለ ሄዶ፣ እነዚህ ሰዎች በነቢዩ ላይ ያደረጉት ክፉ ነው ብሎ ፊት ለፊት ተናገረ፤ ፈቃዱንም ተቀብሎ በገመድና በአሮጌ ጨርቅ ጎትቶ አወጣው። ለመንግሥት ሰላም መጸለይና መንግሥትን በፊቱ መውቀስ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ፣ በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ እንዴት አብረው እንደሚኖሩ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

ከምርኮ ከተመለሱም በኋላ ልማዱ ቀጠለ። በመጽሐፈ ዕዝራ ምዕራፍ 6 የፋርስ ንጉሥ ዳርዮስ ካህናቱ ስለ ንጉሡና ስለ ልጆቹ ሕይወት እንዲጸልዩ ያዝዛል። በሮማውያን ዘመን ደግሞ በኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ስለ ቄሣርና ስለ ሮማ ሕዝብ በየቀኑ መሥዋዕት ይቀርብ ነበር። በ66 ዓ.ም. አልዓዛር የተባለ የካህናት አለቃ ልጅ ይህ መሥዋዕት እንዲቋረጥ አደረገ፤ ታሪክ ጸሐፊው ዮሴፉስ ከሮማ ጋር ለተደረገው ጦርነት መሠረት የጣለው ይህ እርምጃ መሆኑን ይመሰክራል። በ70 ዓ.ም. ቤተ መቅደሱ ተቃጠለ።

በዚያ ትውልድ ራቢ ሐኒና የሚባል የካህናት ምክትል አለቃ ነበር። ከእርሱ የቀረልን ዝነኛ ቃል ሚሽና በተባለው የጥንት ራቢዎች የሕግ ስብስብ፣ «የአባቶች ምዕራፎች» በሚባለው ክፍል ተጽፏል፦ «ለመንግሥት ሰላም ጸልይ፤ እርሱን መፍራት ባይኖር ሰው ባልንጀራውን ከነሕይወቱ በዋጠው ነበር።» ሐኒና ሮማን ወድዶ እንዲህ አለ ብሎ የሚያስብ ሰው ዘመኑን አላስተዋለም። ኢየሩሳሌም በተከበበችበት ጊዜ በውስጧ የነበሩት አንጃዎች ጠላትን ትተው እርስ በርስ ተፋጅተዋል፤ ለዓመታት የሚበቃውን የከተማይቱን የእህል ክምችት ያቃጠሉት ሮማውያን ሳይሆኑ እነርሱ ነበሩ። ሥርዓት ሲፈርስ ሰው በሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ ያ ትውልድ በዐይኑ አይቷል። ስለዚህ ሐኒና የሚያስጸልየው ለትንሹ ነገር ነው፤ ቢያንስ እንዳንበላላ። በዚያው መጽሐፍ፣ ከዚህ ቃል ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ሌላ ማስጠንቀቂያ አለ፦ ከገዢዎች ተጠንቀቁ፤ ሰውን የሚያቀርቡት ለራሳቸው ጥቅም ሲሆን ነው፤ በጭንቁ ሰዓት ግን አይቆሙለትም። ሁለቱን ቃላት ተማሪ ሁሉ በተከታታይ ያጠናቸዋል፤ አንዱ ሌላውን አልሻረውም።

ሕጉም ከዚሁ መንፈስ የራቀ አይደለም። በሦስተኛው ክፍለ ዘመን ባቢሎን ውስጥ ሳሙኤል የተባለው ሊቅ የመንግሥት ሕግ ሕግ ነው ብሎ ደነገገ፤ አይሁድ በሚኖሩበት አገር ግብር መክፈልና ሕግ ማክበር ግዴታቸው ሆነ። ሆኖም በአሥራ ሁለተኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ የኖረው ሙሴ ማይሞኒደስ ወሰን አበጀለት። ንጉሡ በሁሉ ላይ እኩል ያወጣው ሕግ ይከበራል፤ አንዱን ሰው ለይቶ ከታወቀው ሕግ ውጭ ንብረቱን ቢወስድበት ግን ያ ዝርፊያ ነው፣ ወሳጁ ንጉሥ ቢሆንም። መንግሥት የሚጸለይለት መንግሥት ስለ ሆነ ብቻ ሳይሆን ለፍርድ ስለ ቆመ ነው የሚለው ሐሳብ እዚህ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

አሁን ወደ ምኩራቡ ጸሎት ልመለስ። በካይሮ አሮጌ ምኩራብ ከተገኙት ብራናዎች መካከል በአሥራ ሁለተኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ግብፅን ለገዛው ለፋጢማዊው ኸሊፋ አል አሚር የተጸለየ ጸሎት አለ። በመላው ዓለም የተሰራጨው ግን ከስፔን ስደተኞች ወገን የመጣውና «ለነገሥታት ድኅነትን የሚሰጥ» ብሎ የሚጀምረው ጸሎት ነው። የአምስተርዳሙ ራቢ ምናሴ ቤን እስራኤል በ1655 አይሁድ ወደ እንግሊዝ እንዲመለሱ የአገሩን ገዢ ኦሊቨር ክሮምዌልን ሲማጸኑ፣ ሕዝባቸው ለሚኖርበት አገር ገዢ ታማኝ መሆኑን ለማሳየት ይህን ጸሎት ተርጉመው አሳትመዋል። ቦታው ያን ጊዜም ዛሬም አንድ ነው፤ በሰንበት ኦሪትና ነቢያት ከተነበቡ በኋላ፣ ጥቅልሉ ወደ ማደሪያው ከመመለሱ በፊት። በብዙ ቦታ ጸሎቱን የሚመራው ሰው የኦሪቱን ጥቅልል እንደ ታቀፈ ይጸልየዋል።

ይህን ጸሎት ቀረብ ብለን እንየው፤ ከሁሉ የምወደው ክፍል ነውና። ሲነበብ የውዳሴ ድምፅ አለው። ለነገሥታት ድኅነትን የሚሰጥ፣ ባሪያውን ዳዊትን ከክፉ ሰይፍ ያዳነ፣ በባሕር ውስጥ መንገድን ያደረገ፣ እርሱ ንጉሣችንን እገሌን ይባርክ፣ ይጠብቅ፣ ከፍ ከፍ ያድርግ ይላል። የአገሩ ሹም ምኩራብ ገብቶ ቢሰማ ደስ ብሎት ይሄዳል። ሐረጎቹ ከየት እንደ ተለቀሙ የሚያውቀው ምእመን ግን የሚቀጥለውን ጥቅስ በልቡ ይጨርሰዋል። የመጀመሪያው ከመዝሙር 144 ቁጥር 10 ነው፤ ቁጥር 11 እንዲህ ብሎ ይቀጥላል፦ አፋቸው ከንቱን ከሚናገር ከባዕድ ልጆች እጅ አድነኝ፣ አስጥለኝም። በባሕር ውስጥ መንገድን ያደረገ የሚለው ከኢሳይያስ 43 የመጣ ሲሆን፣ ከእርሱ ሁለት ቁጥር ቀደም ብሎ እግዚአብሔር ስለ ሕዝቡ በባቢሎን ላይ እንደሚልክ ይናገራል። በመጨረሻም ጸሎቱ በዘመኑ ይሁዳ ይድናል የሚለውን የኤርምያስን ተስፋ ያነሣል። ይህ ሁሉ በአጋጣሚ የሆነ ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ። እኔ ግን መዝሙረ ዳዊትን በቃሉ የሚያውቅ ሕዝብ ሳያስበው እንዲህ ያለ ጥቅስ ይመርጣል ብዬ አላምንም፤ ሰምና ወርቅ ለለመደ አንባቢ ነገሩን ማብራራት አያስፈልገኝም። ደግሞም ከውዳሴው መካከል አንድ ግልጽ ልመና አለ፦ የነገሥታት ንጉሥ በንጉሡ ልብ፣ በአማካሪዎቹና በሹማምቱ ሁሉ ልብ ርኅራኄን ያኑር፣ ለእኛና ለእስራኤል ሁሉ በጎ እንዲያደርጉ። ሕዝቡ ከልቡ የሚለምነው ይህን ነበር።

ልመናው ሁልጊዜ ተሰማ ማለት አይደለም። በሩሲያ ግዛት የጸሎት መጻሕፍት ውስጥ የዛሩ፣ የንግሥቲቱና የአልጋ ወራሹ ስም በትልቁ ታትሞ ይገኛል። በ1881 እና በ1882 በደቡብ ሩሲያ የአይሁድ ቤቶች ሲዘረፉ፣ በ1882 አይሁድ በገጠር እንዳይሰፍሩ ሕግ ሲወጣባቸው፣ በ1903 በኪሺኔቭ ሲታረዱ፣ ይኸው ጸሎት በየሰንበቱ ይነበብ ነበር። ባልደረባዎ በሜሪላንድ ያለው «አሜን» በዚያ ዘመን ሰው ፈርቶ የሚለው ቃል ሊሆን ይችል ነበር። ልዩነቱን ማንም ሊያቃልለው አይገባም።

ሹማምት የማይሰሙት ሌላ ጸሎት ግን ሁልጊዜ ነበር። አንድ ሃይማኖቱን የሚጠብቅ አይሁዳዊ በሥራ ቀን ሦስት ጊዜ ቆሞ፣ በለሆሳስ፣ አሥራ ዘጠኝ ቡራኬዎች ያሉበትን ጸሎት ያደርሳል። አሥረኛው ስለ ነፃነት ነው፦ ለነፃነታችን ታላቁን ቀንደ መለከት ንፋ፣ የተበተኑትንም የምትሰበስብበትን ዓርማ አንሣ። አሥራ አንደኛው ስለ ፍትሐዊ መንግሥት ነው፦ ፈራጆቻችንን እንደ ቀድሞው፣ አማካሪዎቻችንንም እንደ መጀመሪያው መልስ፤ ኀዘንንና ትካዜን ከእኛ አርቅ፤ አንተ ብቻህን በርኅራኄ ንገሥብን ይላል፤ የሚዘጋውም እግዚአብሔርን ጽድቅንና ፍርድን የሚወድ ንጉሥ ብሎ በመጥራት ነው። ቃሉ ከኢሳይያስ ምዕራፍ 1 የተወሰደ ነው፤ በዚያ ነቢዩ ስለ ኢየሩሳሌም ሲናገር አለቆችዋ ጉቦን የሚወድዱ፣ ለድሀ አደጉ የማይፈርዱ፣ የመበለቲቱን ሙግት የማይሰሙ ናቸው ይላል። አሥራ ሁለተኛው ደግሞ ትዕቢተኛው መንግሥት እንዲነቀል ይለምናል።

ቅደም ተከተሉን ልብ ይበሉ። መጀመሪያ ነፃነት፣ ቀጥሎ ዳኞች፣ ከዚያ የትዕቢት መነቀል። ይህ ሰው ሠራሽ ድርደራ ነው እንዳይባል፣ ሚሽናን የሚተረጉመው የራቢዎች ታላቅ መጽሐፍ ተልሙድ ራሱ፣ መጊላ በሚባለው ክፍሉ፣ ቡራኬዎቹ ለምን እንዲህ እንደ ተሰደሩ ያብራራል። ሕዝብ ከተበተነበት ቢሰበሰብና ባንዲራ ቢሰቅል፣ ዳኛው ጉቦኛ ከሆነ ነፃነቱ ምኑ ላይ ነው? ጸሎቱን የሠሩት ሊቃውንት ይህን ጥያቄ ገና አገር ሳይኖራቸው አስበውበታል። ለሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ለነበራቸው መንግሥት ሳይሆን ለሌላቸው መንግሥት ዳኛ ሲለምኑ ኖረዋል።

እንግዲህ ታሪኩ እንዲህ ነው፤ በሰንበት ጮክ ተብሎ ለገዢው፣ በሥራ ቀን በለሆሳስ ለነፃነትና ለፍርድ። እርስዎ በአሜሪካ የሰሙት ጸሎት እነዚህ ሁለቱ የተገናኙበት ነው፤ የእኔ አስተያየት ይህ ነው።

ከ1776 በፊት በቅኝ ግዛቶቹ የነበሩ ምኩራቦች ለጆርጅ ሣልሳዊ ይጸልዩ ነበር። ከነፃነቱ በኋላ ንጉሥ የሌለው አገር ጸሎቱን አስቸገረው፤ ለማን ይባል? በቨርጂኒያ፣ ሪችመንድ በ1789 የተዘጋጀ አንድ ጸሎት በስንኞቹ የመጀመሪያ ፊደላት የዋሽንግተንን ስም አሳክቶ ለፕሬዚዳንቱ ማስተዋልን ለመነ። በቀጣዩ ዓመት ጆርጅ ዋሽንግተን ለኒውፖርት አይሁድ በላኩት ደብዳቤ የአሜሪካ መንግሥት ለጭፍን ጥላቻ ይሁንታ፣ ለስደትም ድጋፍ እንደማይሰጥ ጽፈው፣ የሚጠብቀውም በጥላው ሥር የሚኖሩት መልካም ዜጎች እንዲሆኑ ብቻ መሆኑን ገለጡ። ይህ በዚያ ዘመን ማንም ገዢ ለአይሁድ ተናግሮት የማያውቅ ቃል ነበር። ይህን ሲጽፉ ግን በአገሪቱ መቶ ሺዎች በባርነት ይኖሩ ነበር፤ ጸሎትን ስንመረምር ይህንም መሸሸግ የለብንም።

ስለ ሕግ አውጪዎች ስለ ጠየቁ አንድ ቀን ልንገርዎ። የካቲት ገደማ ነው፤ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1860። የኒውዮርኩ ራቢ ሞሪስ ራፎል በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ጸሎት ያደረሱ የመጀመሪያው ራቢ ሆኑ፤ የጸሎት መጎናጸፊያቸውን ለብሰው በሕግ አውጪዎቹ ፊት ቆሙ። ምክር ቤቱ በባርነት ጉዳይ ተከፋፍሎ ለሁለት ወር ያህል አፈ ጉባኤ መምረጥ አቅቶት ነበር፤ በዚያው ዕለት መረጠ። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለን። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ፣ ጃንዋሪ 1861፣ እኒሁ ራቢ ራፎል መጽሐፍ ቅዱስ ባርነትን አይከለክልም ብለው ሰበኩ፤ ስብከታቸውም በደቡብ በደስታ ተሰራጨ። የመለሱላቸው የእርስዎ የሜሪላንድ ሰው፣ የባልቲሞሩ ራቢ ዳዊት አይንሆርን ናቸው። ከግብፅ ባርነት ስላወጣው አምላኩን በየቀኑ የሚያመሰግን ሕዝብ ለባርነት ጠበቃ መቆሙ ነውር ነው አሉ። በኤፕሪል 1861 ባልቲሞር በሁከት ስትናወጥ ሕይወታቸው አስግቷቸው ወደ ፊላደልፊያ ሸሹ። ለሕግ አውጪዎች ማን ጸለየ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሁለቱንም ስሞች ማወቅ አለበት። በምክር ቤቱ የቆሙት ራፎል ናቸው፤ የጸሎቱን ትርጉም ዋጋ ከፍለው የኖሩት ግን አይንሆርን ናቸው ብዬ አምናለሁ።

እርስዎ የሰሙት ቃል በአብዛኛው የፕሮፌሰር ሉዊስ ጊንዝበርግ ሥራ ሳይሆን አይቀርም። ጊንዝበርግ በ1873 በዛሩ ግዛት፣ በኮቭኖ ተወልደው፣ ለዛር ከሚጸለይበት ምኩራብ ወጥተው በኒውዮርክ የተልሙድ መምህር የሆኑ ሰው ናቸው። በ1927 በታተመ የበዓላት ጸሎት መጽሐፍ ውስጥ ለአሜሪካ አዲስ ጸሎት ጻፉ። ጊዜውን ያስቡት፤ በ1924 የወጣው የስደተኞች ሕግ ከምሥራቅ አውሮፓ ለሚመጡት አይሁድ በሩን ዘግቶ ነበር። ጊንዝበርግ ንጉሣዊውን ውዳሴ በሙሉ ተዉት። ስለ ምድሪቱና ስለ መንግሥቷ የምናቀርበውን ልመና በርኅራኄ ተቀበል ብለው ጀመሩ። ለፕሬዚዳንቱ፣ ለዳኞቹ፣ ለሹማምቱ ከኦሪትህ ማስተዋልን አስተምራቸው፣ የፍርድንም ሥርዓት እንዲያውቁ አድርጋቸው፣ ሰላምና ነፃነት ከምድራችን እንዳይርቁ ብለው ለመኑ። ከዚያም ወደ ሕዝቡ ዞሩ፤ የሥጋ ሁሉ አምላክ መንፈሱን በነዋሪዎቿ ሁሉ ላይ እንዲያፈስስ፣ ከልዩ ልዩ ዘርና እምነት የመጡ ዜጎች በወንድማማችነት እንዲተሳሰሩ፣ ጥላቻና ቅናት ከልባቸው እንዲነቀል።

በሥራ ቀን በለሆሳስ ይጸለይ የነበረው የዳኞችና የነፃነት ልመና ባለ ሥልጣን በሚሰማበት በሰንበት ጸሎት ውስጥ እንዴት እንደ ገባ ያያሉ? ቀጣዩን ጥቅስ መደበቅ አላስፈለገም። ለዚህም ነው ባልደረባዎ ሳይሸማቀቅ «አሜን» ያለው። መሪው ፍርድን እንዲያውቅ ሲለምን፣ ፍርድን የሚያጎድልበት ቀን ሊኖር እንደሚችል እየተናገረ ነው። በቅርብ ዓመታት በአንዳንድ ምኩራቦች መሪውን ጠቅሶ መጸለይ ሕሊናችንን ይከብደዋል ብለው ጽሑፉን የለወጡ፣ ስሙን ትተው ለአገሪቱ ብቻ የሚጸልዩ አሉ። ሕሊናቸውን አከብራለሁ፤ አካሄዳቸውን ግን አልደግፍም። የሚጎድለውን ማስተዋል ለሚጎድለው ሰው ካልለመንን ለማን ልንለምን ነው?

በሌሎች አገሮች እንደየአገሩ ነው። በብሪታኒያ ለንጉሣዊው ቤተሰብ ይጸለያል፤ በሴፕቴምበር 2022 ንግሥት ኤልሳቤጥ ሲያርፉ የንጉሥ ቻርልስ ስም ወዲያውኑ ተተካ። በእስራኤል ደግሞ መንግሥቱ ከተመሠረተ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በ1948፣ ዋና ራቢዎቹ ይስሐቅ ሄርዞግና ቤን ጽዮን ዑዚኤል ለመንግሥቱ የሚጸለይ ጸሎት አወጡ፤ ደራሲው ሽሙኤል ዮሴፍ አግኖን በቃላቱ ላይ ረድተዋል። ብርሃንህንና እውነትህን ለመሪዎችዋ፣ ለሚኒስትሮችዋና ለአማካሪዎችዋ ላክ፤ በመልካም ምክርም አቅናቸው ይላል። ከባልደረባዎ ምኩራብ ለአሜሪካ ከተጸለየው ቀጥሎ ሁለተኛ ጸሎት ሰምተው ከሆነ ይኸው ነው። ሐሬዲ የሚባለው እጅግ ወግ አጥባቂ ወገን በአብዛኛው አይጸልየውም፤ ጸሎቱ እንደሚለው ዓለማዊ መንግሥትን የመቤዠት ቡቃያ ብሎ መጥራትን አይቀበሉምና።

ስለ ቤተ እስራኤል ላሉት። በአገር ቤት ቄሶቻችን ጸሎታቸውን የሚያደርሱት በግዕዝና በአገውኛ ነበር፤ ከላይ የዘረዘርሁት የራቢዎች ጸሎት አልደረሳቸውም። ስለ ነፃነትና ስለ ግፈኛ አገዛዝ ያላቸው ትልቁ ጸሎት በስግድ ቀን ነው። ከአስተሥርዮ በኋላ በሃምሳኛው ቀን ሕዝቡ ጾሞ፣ ነጭ ለብሶ፣ ኦሪቱን አስይዞ ተራራ ይወጣል፤ በጎንደር በአምቦበር አካባቢ የነበረው ስብሰባ የታወቀ ነው። ከሚነበቡት መካከል ነህምያ ምዕራፍ 9 ይገኛል፤ መጨረሻው እንዲህ ይላል፦ እነሆ እኛ ዛሬ ባሪያዎች ነን፤ ፍሬዋን ይበሉ ዘንድ ለአባቶቻችን በሰጠሃት ምድር ላይ ባሪያዎች ነን፤ በላያችን ለሾምሃቸው ነገሥታት በረከትዋን ታበዛለች፤ ሰውነታችንን ይገዛሉ፣ በእንስሶቻችንም የሚወድዱትን ያደርጋሉ፤ እኛም በጽኑ መከራ ላይ ነን።

ይህን ማን እንደሚያነብ ያስቡ። በዐፄ ይስሐቅ ዘመን ከተጠመቃችሁ የአባታችሁን ርስት ትይዛላችሁ፣ ካልተጠመቃችሁ ግን ፈላሲ ናችሁ እንደ ተባሉ የሚነገርላቸው፣ ከዚያ ወዲህ በሰው መሬት እያረሱ፣ ብረት እየቀጠቀጡና ሸክላ እየሠሩ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ርስት የሌለው ገበሬ የምድሪቱ በረከት ለሌላ ነው የሚለውን ቃል ተራራ ላይ ቆሞ ሲሰማ ትርጓሜ አይሻም። የነህምያ ቃል በሮማ ወይም በለንደን ምኩራብ እንዲህ በቀጥታ የተነገረ አይመስለኝም።

ዛሬ ስግድ በኢየሩሳሌም ይከበራል፤ በ2008 የእስራኤል ምክር ቤት ክነሴት ብሔራዊ በዓል እንዲሆን ሕግ አውጥቶለታል። ቄሶቹ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ሲጸልዩ ሚኒስትሮችና የምክር ቤት አባላት መጥተው ይቆማሉ። በ2015 እና በ2019 ደግሞ ከኢትዮጵያ የመጡ ወጣቶች የፖሊስን በደል በመቃወም አደባባይ ወጥተዋል፤ በመካከሉ በ2016 በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር የተቋቋመ ኮሚቴ በማኅበረሰቡ ላይ ስለሚፈጸም ዘረኝነት ዘገባ አቅርቧል። በሰንበት ለመሪዎች መልካም ምክር የለመነ ወጣት በሳምንቱ ሰልፍ ቢወጣ ጸሎቱን አላፈረሰም። ፈራጆቻችንን እንደ ቀድሞው መልስ ያለ ሰው ፍርድ ሲጓደል ዝም ማለት ይከብደዋል።

የቀረው የራስዎ «አሜን» ነው። እንግዳ «አሜን» እንዲል ማንም አይጠብቅም፤ ሕዝቡ ሲቆም መቆም ግን ጨዋነት ነው። ክርስቲያን ከሆኑም ልመናው እንግዳ አይሆንብዎትም፤ ቅዱስ ጳውሎስ በመጀመሪያው የጢሞቴዎስ መልእክት ምዕራፍ 2 ስለ ነገሥታትና ስለ መኳንንት ሁሉ ጸልዩ ሲል ከዚሁ የአይሁድ ልማድ ተነሥቶ ነው። ስለ እስራኤል በሚጸለየው ላይ ዝም ብለው ቢቆሙ የሚከፋው የለም። ለአሜሪካ በሚጸለየው ላይ ግን፣ ባልደረባዎ ገጹን እንዲያሳይዎ ይጠይቁትና ስለ ነዋሪዎቿ ሁሉ የሚለውን መስመር ያንብቡ። ዜግነት ይኑርዎት አይኑርዎት፣ በዚያ ሰንበት ለእርስዎም ተጸልዮልዎታል፤ «አሜን» ቢሉ በሰው ጉዳይ የገቡ አይምሰልዎት።